በኪዳነ ምሕረት ዕለት ና

በቀደም ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የእትዬ አስካለ ልጆች የእናት የአባታቸውን ታሪክ ሲያወሩ ሰማሁ። ከሶዶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለዕረፍት» ወደ ደሴት የወረዱት የእነሱ ወላጆች ናቸው አሉ። ሐይቁ ጸጥ ያለ፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ቤተ ዘመዱም በፍቅር የተሰበሰበ ነበር አሉ። የመጨረሻዋ ልጃቸው ደግሞ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገች፣ «እማዬ እኮ እርስዎ ለጽዋዎ እንዲደርሱ ብላ ነው እዚያ የቀረችው» አለችኝ። ንፍሮዬን አኝኬ ዋጥኩ። በሰው ለቅሶ ላይ በሌላ ጉዳይ አይጮኽም።

ቤቴ ስገባ ግን ወረቀት ፈለግሁ።

እኔ ወሬ አልወድም። የቤቴን ለጎረቤት፣ የጎረቤትን ለቤቴ አላወራም። ይህን ታሪክ ለገዛ ልጆቼ እንኳ ከነሙሉው ነግሬያቸው አላውቅም። ዝም ስላልኩ የረሳሁ የመሰላቸው ካሉ ግን ተሳስተዋል። ዝምታ እንደ ጠላ ድፍድፍ ነው፤ ተከድኖ በቆየ ቁጥር ይበረታል።

ከወዲሁ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እትዬ አስካለን «አሉ፣ ሄዱ» እያልኩ የምጽፈው አክብሬያቸው አይደለም። አፌ ስለለመደ ነው። የለመደ አፍ ልብ የሚለውን አይሰማም።

ነገሩ የተጀመረው ከግሪኩ ሱቅ ነው። ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሶዶ ገበያ አጠገብ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጥ አንድ ግሪክ ነበር፤ ሁላችንም «ሙሴ» እንለዋለን። ከጨው ጆንያዎቹ በላይ የተወለደበትን ደሴት ሥዕል ሰቅሏል። ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ሸክም የተሸከመች አንዲት አህያ። የእትዬ አስካለ ባል ባላምባራስ ተክሌ ሥራ አልነበራቸውም ማለት ነውር ስለሆነ፣ ሥራቸው ከግሪኩ ሱቅ ደጃፍ ነበር ልበል። ጠዋት በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሣሉ። አንድ ቀን ያን ሥዕል አይተው ጠየቁት። ግሪኩም በአገሩ ሙቀት ሲበረታ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ሚስትና ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ዳር እንደሚወርድ ነገራቸው።

«ወርዶስ ምን ይሠራል?» አሉ ባላምባራስ።

«ምንም።»

«ይጸልያል?»

«ምንም።»

«ይነግዳል?»

«ምንም አልኩህ፣ ጌታው። ይቀመጣል። ባሕር ያያል። ዓሣ ይበላል። ይተኛል።»

ባላምባራስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ባሕር ማዶ የተከበረ መሆኑን ማን ነግሯቸው ያውቃል!

በማግሥቱ ባልና ሚስት ሆነው እኛ ቤት መጡ። ባለቤቴ ደምሴ የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም ነው፤ በችሎት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይገለብጥ ነበር። መልካም ሰው ነው። መልካም ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን መልካም ሰው ያገባች ታውቀዋለች፤ ለሁሉም እሺ የሚል፣ እሺታውን ሚስቱ የምትከፍልለት ሰው ማለት ነው።

«ተነሡ፣ ወደ አባያ እንወርዳለን!» አሉ እትዬ አስካለ ገና ሳይቀመጡ። «ደሴት ላይ ልናርፍ ነው።»

«ከምን?» አልኩ እኔ።

እሳቸው ትራሱ የት እንደሚጫን ለደምሴ ማስረዳት ጀምረዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጽዋው ካልነገርኳችሁ ንዴቴ ያለ ምክንያት ይመስላችኋል። የሶዶ ሴቶች የማርያም ማኅበር ነበረን። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ተራ የደረሰባት ሴት ጽዋውን ተረክባ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ማኅበርተኛውን ታስተናግዳለች። ከወሮቹ ሁሉ ኅዳር ይበልጣል፤ ኅዳር ጽዮን ነው። በዚያ ዓመት ዕጣ ተጣለና ጽዮን ለእኔ ወጣ። ገና ትናንት ላገባሁት፣ ከሁሉም በዕድሜ ለማንሰው ለእኔ! ከእኔ ቀጥሎ የወጣው የእትዬ አስካለ ዕጣ ነበር። ደንቡም የታወቀ ነው፤ ባለተራዋ ከጎደለች ጽዋው ለቀጣይዋ ያልፋል። የጎደለችው ሴት ግን በዚያው ስም ትቀራለች። አንዲት እንዲህ የሆነች ሴት ነበረች፤ የክርስትና ስሟን ዛሬ የሚያስታውስ የለም፣ ሁሉም የሚያውቃት «ጽዋ ያስቀረችው» እያለ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ስም አልነበረኝም። ርስት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፤ ሶዶ ውስጥ የራሴ የምለው ያ የኅዳር ጽዮን ተራ ብቻ ነበር።

እትዬ አስካለ ዕረፍት ያማራቸው ሆን ብለው በዚያው ሰሞን ነው ወይ? ማስረጃ የለኝም። ጥርጣሬ ግን አለኝ፤ ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ሰው አያረጅም።

«እትዬ፣ ድፍድፌ ጋን ውስጥ ነው። ለገብርኤል ደርሼ ውኃ ካልሞላሁት ለጽዮን አይደርስም» አልኩ።

«ለኪዳነ ምሕረት እንመለሳለን! ኪዳነ ምሕረት ከገብርኤል አትቀድምም? የክርስቲያን ልጅ አይደለሽም እንዴ አንቺ?»

«ደምሴ?» ብዬ ወደ ባሌ ዞርኩ።

«እሷም እውነቷን ነው» አለ። ባላምባራስን አየና «እሳቸውም እውነታቸውን ነው» አለ። እኔን አየና «አንቺም እውነትሽን ነው» አለ። ሁላችንንም እውነተኛ አድርጎ ሲያበቃ በቅሎዎቹን ሊያይ ወጣ።

ኅዳር ሚካኤል ቆሻሻው በታጠነ ማግሥት ተነሣን። ለዕረፍት የሚጫነው ዕቃ ለዘመቻ ከሚጫነው ይበልጣል። ባላምባራስ ጠመንጃቸውንና ከግሪኩ የተዋሱትን በርጩማ ያዙ። እትዬ አስካለ ምንጣፍ፣ ትራስ፣ ዣንጥላና ለእያንዳንዱ ቀን የሚለወጥ ቀሚስ። ስንቁ የእኔ ነው። ቆጮ ልያዝ ብል፣ «የእኛ ሰው ቆጮ ሰንቆ አይሄድም» ተባልኩና እንጀራና በሶ ያዝኩ። የሶዶ ብርድ የለመደ እንጀራ የሁምቦ ቆላ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ያልጠየቀ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ስለ ሁለተኛው ጥፋቴም ልንገራችሁ፤ እሳቸው ጥፋት ይሉታል። እኔ ወላይትኛ እናገራለሁ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነው፤ እኔ ግን ሶዶ ተወልጄ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር እንሰት ሥር ስጫወት ነው ያደግሁት። አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። እትዬ አስካለ ይህን እንደ እከክ ነበር የሚያዩት። «ከጭሰኛ ልጅ ጋር ያደገች» ይላሉ፣ እኔው እየሰማሁ። ካገባሁ ጀምሮ እሳቸው ባሉበት አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ታዝዣለሁ። «በተለይ ሰው ፊት!» ይላሉ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ በዚያው ቋንቋ የሚናገር ሆኖ ሳለ «ሰው» የሚሉት ማንን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሁምቦ አድረን በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ደረስን። የግሪኩ ባሕር ሰማያዊ ነበር። አባያ ግን ቀይ ነው፤ አፈር የተበጠበጠበት፣ እንደ እኔው ድፍድፍ። ባላምባራስ ወገባቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት።

«ገና ነው» አሉ በመጨረሻ። ምኑ ገና እንደሆነ አልተናገሩም።

የሚያሻግረን ሰው አንጁሎ ይባላል፤ የሐይቁ ዳር ሰው ነው። ታንኳው ወጎሎ የሚሉት ነው፤ ቀላል ግንድ ጎን ለጎን ታስሮ የሚሠራ፣ ከቀዛፊው ሌላ ከሁለት ሰው በላይ የማይችል። ከመሻገራችን በፊት አንጁሎ ምሳውን አወጣ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቅል ቦዬ ነበር። ቦዬ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንደ ድንች ያለ ሥራሥር ነው፤ ከድንች ግን ይጣፍጣል። መንገደኛ ፊቱ ቆሞ ብቻውን የሚበላ ሰው በዚያ አገር የለም። ለአራታችንም ቆርሶ ሰጠን።

እትዬ አስካለ ድርሻቸውን በሁለት ጣት ያዙና ሐይቁ ውስጥ ጣሉት። ቸብ! አንጁሎ ቆሞ እያየ። ባላምባራስ የእሳቸውን ለበቅሏቸው ሰጡ። እኔ በላሁ፤ ርቦኝ ነበር፣ ደግሞም ይጣፍጣል። ደምሴስ? ደምሴ አልበላም፣ አልጣለም። እኅቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቦዬውን በመዳፉ እንደያዘ ተሻገረ። ደሴቱ ላይ ከወረድንም በኋላ ይዞት ነበር። ስለ ትዳራችን ሌላ የምጨምረው የለኝም።

አንጁሎ በመጨረሻው ምልልስ የቀረውን ዕቃ አውርዶ ሊመለስ ሲል፣ ባላምባራስ ደረታቸውን ነፉ።

«ስማ አንተ! በኪዳነ ምሕረት ዕለት ና! ማልደህ!»

አንጁሎ ራሱን ነቀነቀ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲናገር ራስን መነቅነቅ ያኔ ሁሉም የሚያውቀው ቋንቋ ነበር።

እኔ ግን «እትዬ፣ ይህ ሰው እኮ ኪዳነ ምሕረትን አያውቅም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«የእኛን በዓላት አያውቅም። እሱ ቀን የሚቆጥረው በገበያ ነው፤ የገበያ ዋዜማ፣ የገበያ ማግሥት እያለ። አንድ ጊዜ ልንገረው …»

እትዬ አስካለ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሰማሃት ደምሴ? ኪዳነ ምሕረትን የማያውቅ ፍጥረት አለ ትላለች! ዝም በይ አንቺ! እኔ ባለሁበት በዚያ ቋንቋ አንዲት ቃል ብትወጣሽ ለነፍስ አባቴ ነው የምናገረው!»

ደምሴ ቦዬውን አየ።

አንጁሎ እየቀዘፈ ሄደ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ እኔን አያድርጋችሁ።

ዕረፍቱ ተጀመረ። ባላምባራስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ባሕር ማየት ያዙ። እትዬ አስካለ ዣንጥላ ሥር ተጋደሙ፤ ደምሴ አጠገባቸው። እኔ እንጨት ለቀምኩ፣ ውኃ ቀድቼ አጠለልኩ፣ እሳት አነደድኩ፣ በሶ በጠበጥኩ፣ ምንጣፍ አራገፍኩ፣ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ዣንጥላ አዞርኩ። ሦስት ሰው እንዲያርፍ አራተኛው የሦስቱን ድካም መድከም አለበት። ግሪኩ ይህን አልነገራቸውም። ሚስቱን ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ሥዕሉ ላይ ያለችውን አህያ ጠቁማ «እኔ ነኝ» ትላቸው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢንቢው ወጣ። የአባያ ቢንቢ ማዕረግ አይለይም፤ ባላምባራስን እንደ ተራ ሰው ነከሳቸው። ቢንቢውን ተከትሎ ጉማሬ ወጣ። ሣር ሊግጥ ነው የመጣው፤ ሰፈሩም የራሱ ነው። ባላምባራስ ግን «ማነህ? ቁም!» አሉት። ጉማሬው አልቆመም። ሁላችንም ዛፍ ሥር ተሸጉጠን ሳለ በርጩማው ላይ ሄደበት፤ የግሪኩ በርጩማ ማገዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባላምባራስ ባሕር ያዩት ቆመው ነው።

በማግሥቱ የነቢያት ጾም ገባ። እንጀራውን ስገልጠው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። በሶው ደግሞ እኩሌታው ጉንዳን ነው። ባላምባራስ ከግሪኩ የሰሙት ትዝ አላቸውና በመንጠቆ ሁለት ዓሣ አወጡ። ክርክሩ ያኔ ተጀመረ።

«በጾም ዓሣ? ሞቼ ነው ቆሜ!» አሉ እትዬ አስካለ ጠዋት።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ «አንዳንድ አባቶች ይበላል ይላሉ፤ ደም የለውምና» አሉ።

ከቀትር በኋላ፣ «ደግሞም መንገደኛ ላይ አይጸናም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም፤ አፋቸው ሙሉ ነበር። ሶዶ ተመልሰው ዓሣውን የበላሁት እኔ ነኝ ብለው ማውራታቸውን በኋላ ሰማሁ። እኔ የበላሁት የደምሴን ቦዬ ነው። ከኪሱ አወጣሁት። ደርቆ ነበር፤ ቢሆንም ከባሌ እጅ በዚያ ጉዞ ያገኘሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ኪዳነ ምሕረት ደረሰች። ገና ሳይነጋ ዕቃ ጠቅልለን፣ ነጭ ለብሰን፣ ሐይቁ ዳር ተደርድረን ተቀመጥን። ፀሐይ ወጣች። አናታችን ላይ ወጣች። ወረደች። የመጣ ወፍ ብቻ ነው።

«ሰነፍ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«በዓሉን ንቆ ነው! ኪዳነ ምሕረት ትፍረድበት!» አሉ እትዬ አስካለ።

እኔ ዝም። ዝም በይ ተብያለሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ግን አንጁሎ ከሩቅ ብቅ አለ። ወደ እኛ እያየ፣ እያመነታ ነበር። አንድ ደኅና ቃል ቢሰማ ይመጣ ነበር። ባላምባራስ ግን፣ «ና አንተ! ና ብዬሃለሁ! አትሰማም?» እያሉ ጮኹ። ሰውየው ቆመ። ሲቆም ጊዜ፣ ያልሰማ መስሏቸው ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ተኮሱ። ወጎሎ እንደዚያ ሲበር አይቼ አላውቅም።

«አየሽው? ጠርተውት እንኳ ሸሸ!» አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያም ዓሣቸውን ይዘው አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። እንዲህ ለሰስ ሲሉ አልወድላቸውም። «ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፤ የእግዜር ፈቃድ ነው። ጽዋውን እኔ እቀበላለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ጊዜ ይደርስሻል።»

«እርስዎስ እዚሁ አይደሉ እንዴ፣ እትዬ? ጠላውን ማን ጠመቀው?»

እሾሁን ከአፋቸው አውጥተው ተመለከቱት። «ምናልባት ብዬ እኔም ደፍድፌ ነው የመጣሁት። ሠራተኛዬ ውኃ ትሞላዋለች፣ ዳቦውንም ትደፋለች። እኔ ባልደርስ ቤቴ ይደርሳል።»

ምናልባት! ይህን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። የእኔ ድፍድፍ ሰው የሌለበት ቤት ተዘግቶበት ሊሆመጥጥ ነው፤ የእሳቸው ግን «ምናልባት» ሞግዚት አቁሞለታል። ስሜ ሶዶ ላይ ሊጠፋ ሲል ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው እሾህ ይለቅማሉ። ያኔ ነው የዝም በይ ትእዛዝ ከጫንቃዬ የወረደው።

በማግሥቱ ማልጄ ቅሉን አንሥቼ ውኃ ልቀዳ ብዬ ወደ ደሴቱ ማዶ ዞርኩ። እንደጠረጠርኩት አንጁሎ ደንገሉ አጠገብ መረቡን ይስብ ነበር። እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ «ሳሮ፣ ወንድሜ! ሳሮ!» ብዬ ጮኽኩ። ሳሮ ሰላም ማለት ነው። ያ ሁሉ የታመቀ ዝምታ አብሮ ወጣ መሰለኝ፣ ደንገሉ ውስጥ ያሉት ወፎች ሁሉ ተነሡ።

ሰውየው መረቡን ለቀቀው። «ሳሮ፣ እኅቴ። ትናገሪያለሽ እንዴ?»

«ከልክለውኝ ነው።»

«ያ ሰውዬ ለምን ተኮሰብኝ?»

«ሲጠራህ ነው።»

«ሲጠራ እንዲህ ከሆነ ሲጣላ ምን ያደርጋል?»

«እሱን ተወው። ኪዳነ ምሕረት ዕለት ና ተብለህ ለምን ቀረህ?»

«እሷን ስጠብቅ ነዋ የሰነበትኩት!» አለ እሱም ተቆጥቶ። «እንግዳችሁ መስላኝ በየቀኑ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። ስትመጣ ይዣት ልሻገር። የመጣች ሴት ግን የለችም። ትናንት ደግሞ ምናልባት በሌላ በኩል መጥታ እንደሆነ ልጠይቃችሁ ብዬ ብመጣ፣ ተኮሰብኝ።»

መሳቅ ነበረብኝ። ንዴቱ አላሳቀኝም።

«ዛሬ ልትወስደን ትችላለህ?»

ሰማዩን አየ። «ነፋስ ሊነሣ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሻገረው። ከዚያ ዓሣዬን ይዤ ገበያ እወጣለሁ። የቀሩትን በገበያ ማግሥት እመጣላቸዋለሁ። ሁለት ሰው ነው የምችለው።»

«የትኞቹን ሁለት?»

«አንደኛዋ ቦዬዬን የበላችው ናት» አለ ሳያመነታ። ትንሽ አሰበና፣ «ያ ይዞት የቀረውስ? በላው?»

«ሳይወስን እኔ በላሁለት» አልኩት።

ታንኳውን አዙሮ ሰፈራችን ድረስ መጣ። እትዬ አስካለ ታንኳ ሲያዩ ትራሳቸውን አቅፈው ሮጡ። እንዲህ ያለ ሩጫ ያረፈ ሰው ብቻ ነው የሚችለው። አንጁሎ መቅዘፊያውን እንደ በር መቀርቀሪያ አጋደመባቸው፤ ከዚያም ለእኔ በወላይትኛ ተናገረ።

«ምንድን ነው የሚለው ይሄ?» አሉ።

ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ቦዬውን የበላ ይሳፈር ይላል፣ እትዬ።»

«የቱን ቦዬ?» አሉና ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ዞረው ሐይቁን አዩት፤ የጣሉት ቁራሽ ተንሳፍፎ የሚመለስላቸው ይመስል።

«ባላምባራስ! ያን ጠመንጃ!»

ባላምባራስ ጠመንጃቸውን አዩ፣ አንጁሎን አዩ። «ከመታሁት ማን ይቀዝፋል?» አሉ። በዚያ ጉዞ ሁሉ ቁም ነገር ያለው ንግግር ይህ ብቻ ነበር፤ ስለ እሳቸው ላወራሁት ክፉ ነገር ሁሉ በዚች ይካሱ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። «ደምሴ፣ ና» አልኩ። «ሁለት ሰው ይችላል። ድፍድፌ እየተበላሸ ነው።»

«ደምሴ! እኅትህን አውሬ አፍ ላይ ጥለህ?» አሉ እሳቸው።

ደምሴ አንድ እግሩን ታንኳው ላይ አደረገ። ሌላኛው መሬት ላይ ነው። «እሷም እውነቷን …» ብሎ ሲጀምር ታንኳው ሸሸ። እግሮቹ ተራራቁ፣ ተራራቁ፣ ከዚያም መሐል ላይ ውኃው ውስጥ ገባ። ሲወጣ በየት በኩል እንደወጣ ትጠይቁኝ ይሆናል። በእኅቱ በኩል ነው የወጣው። አፈሩ ይቅለለውና፣ ይህን ዕድሜ ልኩን ሲያስተባብል ሞተ፤ የቀረበኝ የእኅቴ ዳር ነው ይል ነበር። እኔ ግን ታንኳው ላይ ነበርኩና አይቻለሁ፤ መሐል ነበር።

«መቼ ነው የሚመለስልን? ጠይቂው እንጂ!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ ከዳር።

«በገበያ ማግሥት!»

«ገበያው መቼ ነው?»

«እርስዎ በበዓል ይቁጠሩት፣ እትዬ! ከጽዮን በኋላ ነው!»

የተናገሩትን ነፋሱ ወሰደው።

ሐይቁ ዳር አንጁሎ ቤት የተውናትን በቅሎዬን ይዤ፣ የአንጁሎን የአጎት ልጅ መንገድ እንዲያሳየኝ ለምኜ፣ ሁምቦን ያለ ዕረፍት ወጣሁ፤ ዕረፍት በቅቶኛል። በገብርኤል ሶዶ ገባሁ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ጋኑን ከፈትኩ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ በርትቷል፣ አልሆመጠጠም። ውኃ ሞልቼ አፉን መረግሁ። በዋዜማው ሊጥ አቦካሁ፣ ዳቦ ደፋሁ። ያን ሁሉ ስሠራ ደክሞኝ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

በጽዮን ዕለት ማኅበርተኛው መጣ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋው ዞረ። አንዲት ባልቴት ጠላውን ቀምሳ፣ «ወፍራም ነው» አለች። ማሰሮውን ወደ ኋላ ሳብኩ። «እንዲህ ያለ ነው ጠላ» ብላ ጨለጠችውና ዋንጫዋን ዘረጋች። ያኔ ነው ወገቤን ያመመኝ።

«እትዬ አስካለስ የት ቀሩ?» አለች ሌላዋ።

«አባያ ላይ፣ ደሴት ውስጥ እያረፉ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። «ከምን?» አሉ።

ጥያቄው የእኔ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

እኛ ስንስቅ የእትዬ አስካለ ሠራተኛ በር ላይ ቆመች። «እመቤቴ ምናልባት ብለው ያስጠመቁት ጠላ ደርሷል፤ ምን ላድርገው?» አለች። «አምጪው» አልናት። የእሳቸውንም ጠጣን። ጥሩ ነበር፤ በዚያ በኩል አላማቸውም።

ሦስቱ በገበያ ማግሥት ተሻግረው፣ በቢንቢ ፊታቸው ድፍን ብሎ፣ ተበሳጭተው ገቡ። ሱቁ ደጃፍ ግሪኩ ባላምባራስን «ደሴቱ እንዴት ነበር?» ሲላቸው፣ «በጣም አረፍን» አሉት። በርጩማው የት ደረሰ ሲላቸው ወሬ ለወጡ። ልጆቹ ለቅሶ ቤት የሚያወሩት ታሪክ ያን ቀን ነው የተወለደው።

እትዬ አስካለ ግን አልተውኝም። ዓሣ በጾም በላች አሉኝ፣ ባሏን ሐይቅ ውስጥ ጣለች አሉኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «በጭሰኛ ቋንቋ አሲራ ጣለችን» አሉኝ። እኔ ተራዬ እስኪዞር ጠበቅሁ።

ዞሮ ደረሰ። ማኅበርተኛው በሙሉ ተቀመጠ፤ እሳቸውም በቦታቸው፣ ከባልቴቶቹ መሐል። እኔ ከዳቦው በፊት በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ቅቅል ቦዬ አቀረብኩ። በማርያም ስም የቀረበ አይመለስም፤ ደንቡ ነው፣ እሳቸውም ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚያስተምሩት ደንብ። ቄሱ ባረኩት። ሁሉም አንስቶ በላ። እሳቸው ፊት ያለው ቁራሽ ብቻ ቀረ። ሴቶቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። ቁራሹን በሁለት ጣቶቻቸው አነሡት። ወደ በሩ አዩ። እዚያ ሐይቅ የለም።

በላች።

እኔም አጠገቧ ሄጄ ጠላዋን ቀዳሁላትና፣ «እንኳን አደረሰሽ፣ አስካለ» አልኳት።